የሰው ከብት የማይቆጠርበት የሒሳብ ክፍል፦ የመምህርት ድርቤ ባቻ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ድርቤ ባቻ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም.፣ የቡናው ፍሬ መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ በወለጋ ከጉቴ ከተማ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ከአባታቸው ከአቶ ባቻ ሰንበታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደስቱ ገለታ ተወለዱ። ለቤታቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታቸው ገበሬና በቤተ ክርስቲያን የመዝሙር መሪ ስለነበሩ፣ ድርቤ ፊደል የለዩት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ከአባታቸው የመዝሙር መጽሐፍ ላይ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ነቀምቴ ከሚኖሩ አክስታቸው ዘንድ ተልከው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ዘመን የነበረው የሒሳብ መጽሐፍ ባቡር ይበዛበት ነበር። ከአንድ ጣቢያ ስምንት ባቡሮች ተነሥተው ሦስቱ ቢመለሱ ስንት ይቀራሉ ይላል። ድርቤ አምስት ብለው ጻፉ፣ መምህሩም ልክ ነው ብሎ አረመላቸው። ይሁን እንጂ ማታ አክስታቸውን፣ «ባቡር ምንድን ነው? ይበላል?» ብለው ጠየቁ። አክስታቸውም አያውቁትም ነበር። መምህርት ድርቤ ይህን ሲያነሡ ይስቁ ነበር፤ ነገር ግን ሳቃቸው ሲያበቃ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ «ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀነስኩት። ልክ ነሽ አሉኝ። ያ ነው ያልገባኝ።»

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1968 ዓ.ም. አጠናቀው፣ በቀጣዩ ዓመት ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ዛሬ ጉቶ ጊዳ በሚባለው ወረዳ፣ ከዋናው መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ወደሚርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድበው የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ሁለት የጭቃ ክፍሎችና የጠበበ የመምህራን ቤት ነበረው። አብረዋቸው የኖሩት የሁለተኛ ክፍል መምህርት ወ/ሮ ሐረግወይን፣ ቤተሰባቸው ከጎጃም መጥቶ ወለጋ የሰፈረ፣ አንደበተ ስለታም ሴት ነበሩ። የሁለቱ ወዳጅነት እስከ ሐረግወይን ዕለተ ሞት ዘለቀ።

ወጣቷ መምህርት ከልጆቹ ጋር ሥራ እንደጀመሩ አንድ ነገር አሳሰባቸው። ሰሌዳው ላይ ስድስት ሲቀነስ ሁለት ተብሎ ሲጻፍ ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ አራት ይላሉ። ያው ነገር በታሪክ መልክ ሲነገራቸው ግን የሚሰሙት ቁጥሮቹን ብቻ ነበር። ቁጥሮቹን ከታሪኩ እንደ ድንጋይ ከእህል ይለቅሙና ወደ መምህርቷ ቀና ይላሉ። «ቲቸር፣ ይደመራል ወይስ ይቀነሳል?» መምህርት ድርቤ በሕይወታቸው ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ጥያቄ ይህ ነበር። ባቡሩ ትዝ አላቸው። ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር ከመጽሐፉ ውስጥ ካላገኙት፣ እኔ ከቤታቸው ላምጣላቸው ብለው ወሰኑ።

በ1972 ዓ.ም. ከመማሪያ ሰዓት በኋላ በየመንደሩ እየዞሩ የልጆቹን ቤት ጎበኙ። ጓሮውን አዩ፣ የበቆሎ ጎተራውን አዩ፣ በረቱንም አዩ። ከጉብኝቱ ማግስት፣ በክፍሉ ብልህ የነበረችውን ዱረቲ የምትባል ልጅ ለማስደሰት ብለው ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «የዱረቲ አባት ስድስት ላሞች ነበሯቸው። ሁለቱ ሞቱ። ስንት ላሞች ቀሩ?»

ክፍሉ በደስታ ተናወጠ። ማንም ይደመራል ይቀነሳል ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም የዱረቲን አባት ኦቦ ዋጋሪን ያውቃል፣ ላሞቹንም ያውቃል። ልጆቹ መልሱን ዜማ ሰጥተው፣ «ስድስት ነበሩ፣ ሁለት ሞቱ፣ አራት ቀሩ» እያሉ እስከ መንደራቸው ዘፈኑት። ዱረቲም ስሟ ሰሌዳ ላይ በመውጣቱ ኮርታ ማታ ለአባቷ ዘፈነችላቸው። ኦቦ ዋጋሪ የያዙትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መልሰው ተነሥተው ወጡ።

በዚያ አገር ሽማግሌ ፊት የሰው ከብትና የሰው ልጅ አይቆጠርም። የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ እንኳ «አሉ፣ ይመስገን» ብሎ ያልፋል እንጂ ቁጥር አይጠራም፤ የተቆጠረ ነገር ይጎድላል ይባላል። መምህርት ድርቤ የገበሬ ልጅ ናቸውና ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ነቀምቴ በትምህርት ቤት አድገው ነበርና፣ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ሌላ፣ ሰው በአፉ የሚቆጥረው ሌላ ይመስላቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጉራቲ የምትባለው የኦቦ ዋጋሪ ጥቁር ላም ርጥብ ሣር በልታ ሆዷ ተነፋና ሞተች።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ዋጋሪ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ሰላምታ አልሰጡም፤ በዚያ አገር ይህ ብቻውን ስድብ ነው። «ቲቸር፣ አንዷን ወስደሻል» አሏቸው። «ሁለተኛዋን መቼ ነው የምትወስጂው?» ኦቦ ዋጋሪ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ክፍሉ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የቀሩት ከብት የሌላቸው ሰዎች ልጆች ነበሩ።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነገሩን በሁለት መንገድ ሊጨርሱት ፈለጉ። ወይ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ወላጆቹ ተገድደው ልጆቻቸውን ይመልሱ፣ ወይ አንደኛ ክፍል ለዓመቱ ተዘግቶ መምህርቷ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወሩ። ልጆቹ በዚያ ዓመት ካልተማሩ ብዙዎቹ ለከብት ጥበቃና ለቤት ሥራ ተለይተው እንደሚቀሩ፣ ሴቶቹ ደግሞ ከናካቴው እንደማይመለሱ ሁሉም ያውቅ ነበር። መምህርት ድርቤ ያን ሰሞን እህል እንዳልቀመሱና ዱረቲ የተቀመጠችበትን የድንጋይ መቀመጫ ማንም እንዳይቀመጥበት ይከለክሉ እንደነበር ሐረግወይን ይናገሩ ነበር። ማስገደዱን ግን እምቢ አሉ። «ልጅ በግድ ክፍል ይገባል፤ ታሪክ ግን በግድ አይሰማም» ብለው የአንድ ሳምንት ጊዜ ለመኑ። ርዕሰ መምህሩም እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ጊዜ ሰጧቸው።

ሐረግወይን በበኩላቸው አላዘኑላቸውም። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ላም መግደል ካማረሽ የአባትሽን አትገድዪም ነበር?» አሏቸው። «መቁጠሩስ መቁጠር ነው፤ መግደሉን ምን አመጣው?»

«መቀነስ እኮ ነው የማስተምረው።»

«መቀነስ ሁሉ ሞት ነው እንዴ? ላሟ ውኃ ልትጠጣ አትሄድም? አሁን ነጠላሽን አጣፊና ተነሺ፤ ላም የሞተበት ሰው ቤት ሄዶ ማጽናናት ወግ ነው።»

ሁለቱ መምህርታት ማክሰኞ ወደ ማታ ኦቦ ዋጋሪ ቤት ደረሱ። ባለቤታቸው በርጩማ አቀረቡላቸውና አሬራ ሰጧቸው፤ ኦቦ ዋጋሪ ግን ፊታቸውን አልመለሱም። ሐረግወይን «እግዜር ይካስዎ» አሉ፤ ድርቤም ደገሙት። አሬራውን እየጠጡ ሳለ ከብቶቹ ከግጦሽ ገቡ።

ኦቦ ዋጋሪ ተነሥተው በረቱ አፍ ላይ ቆሙ። ላሞቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ጀርባቸውን በመዳፋቸው እየነኩ በለሆሳስ ይናገራሉ። መምህርት ድርቤ ጆሯቸውን ጣሉ። የሚቆጥሩ መስሏቸው ነበር፤ የሚጠሩት ግን ስም ነበር። «ቦራ። ማጋሌ። ዳለቻ።» ቀጥሎ አፋቸው ለመናገር ተከፈተና ሳይናገሩ ተዉት። እጃቸው በአየር ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ የሚቀጥለችዋን ጠሩ።

በረቱ ሲዘጋ ድርቤ ደፍረው ጠየቁ፦ «አባ ዱረቲ፣ ሁሉም መግባታቸውን በምን ያውቃሉ?»

ኦቦ ዋጋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩአቸው። «ልጅ ወልደሽ ብታውቂ ኖሮ ይህን አትጠይቂኝም ነበር። የሚቆጠር እኮ ስም የሌለው ነው።»

መምህርት ድርቤ ይህን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። ያን ጊዜ ግን የመለሱት አጭር ነበር። ቁጥር ላም አይገድልም ብለው አልተከራከሩም። የሰው ከብትም ሆነ የሰው ልጅ ዳግመኛ እንደማይቆጥሩ፣ በጥያቄያቸው ውስጥም ነፍስ ያለው ነገር እንደማይገድሉ ቃል ገቡ።

ኦቦ ዋጋሪም ጠየቁ፦ «ታዲያ ሒሳቡን በምን ልታስተምሪ ነው?»

«ባለቤት በሌለው ከብት።»

«ባለቤት የሌለው ከብት የጅብ ነው» አሉ ኦቦ ዋጋሪ። ባለቤታቸው በሳቅ ፈነዱ፤ ሐረግወይንም ተከተሉ። ኦቦ ዋጋሪ ግን እንደ ቁም ነገር ይዘውት ነበር። «ባለቤት ስጪው። እኛ አገር የሌለ ሰው ፈልጊለት።»

ስም ፍለጋው እስኪመሽ ቆየ። የተጠራው ስም ሁሉ አንድ አጎት ወይም አንድ አማች አለው። በመጨረሻ ኦቦ ዋጋሪ ራሳቸው «ጨፌ በዪው» አሉ። «ጨፌ የሚባል ሰው የለም፤ ሜዳ ነው። ሜዳ ቢቆጠር አይጎድልም። ላሞቹ ግን አይሙቱበት። ይሽጣቸው፣ ለወዳጁ ይስጣቸው፣ ይጥፉበትና ይፈልጋቸው። እንዳይሞቱ ብቻ።» አክለውም፣ «መጥቼ አያለሁ፤ ያኔ ነው ልጄን የምሰጥሽ» አሉ።

ኦቦ ጨፌ የተባለው ሰው በወለጋ ምድር የተወለደው በዚያ ምሽት ነው።

ሐሙስ ዕለት ኦቦ ዋጋሪ ዱላቸውን ይዘው መጡና ከኋላ ተቀመጡ። ትምህርቱ በዚያ ዘመን ደንብ በአማርኛ ይሰጥ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። መምህርት ድርቤ በመጀመሪያ ታሪኩን በኦሮምኛ ተረኩ፤ ቁጥር አልጠሩም። ኦቦ ጨፌ ጠዋት ላሞቹን ወደ ወንዝ ነዳ፤ ከመንገድ ጥቂቶቹ ወደ ጎረቤት ማሳ ገቡበት፤ እሱ ልቡ ሌላ ቦታ ነበርና አላየም። አንዱን ልጅ ኦቦ ጨፌ አደረጉት፣ ሌሎቹን ላሞች። ላሞቹ በክፍሉ ዙሪያ ተነዱ። «አሁን በእጁ ያሉት ላሞች ጠዋት ከነበሩት በዙ ወይስ አነሱ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሁሉ «አነሱ!» አሉ። ያን ጊዜ ነው ቁጥር የመጣው፤ እሱም በበቆሎ ፍሬ።

ኦቦ ዋጋሪ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አንድ አስተያየት ሰጡ፦ «ይህ ጨፌ ሞኝ ነው። በዚህ ወር ላም በማሳ ጥግ ይነዳል እንዴ?» ልጆቹ ስለ ኦቦ ጨፌ ሞኝነት እየተንጫጩ ወጡ። በማግስቱ፣ በዚያው በዓርቡ ዕለት፣ ዱረቲ በድንጋይ መቀመጫዋ ላይ ተገኘች። ሰኞ ሌሎቹ ተከተሉ። አንደኛ ክፍል አልተዘጋም፤ መምህርቷም አልተዛወሩም።

መምህርት ድርቤ ከዚያ በኋላ በሠሩባቸው ዓመታት ሁሉ ያስተማሩት በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ ታሪኩ ያለ ቁጥር ይነገራል። ልጆቹ ይጫወቱታል፣ በራሳቸው አፍም መልሰው ይተርኩታል። በዛ ወይስ አነሰ የሚለው ሳይታወቅ ቁጥር አይነካም። ልጅ ሁሉ የሚሳሳትበትን ከባዱን ዓይነት ጥያቄ ደግሞ በእግር ያስኬዱት ነበር። ኦቦ ጨፌ እሸት ይዞ ከቤቱ ወጣ፤ ለጎረቤቱ ሦስት ሰጠ፤ ገበያ ሲደርስ አራት ቀረው፤ ከቤት ሲወጣ ስንት ይዞ ነበር? «ሰጠ» የሚለውን የሰማ ልጅ ለመቀነስ ይቸኩላል። እሳቸው ግን ልጁን ከሰሌዳው አጠገብ አቁመው አራት እሸት ያስይዙትና፣ «በል፣ በመጣህበት ወደ ኋላ ተመለስ» ይሉታል። ልጁ የኋሊት ይራመዳል። ጎረቤቱ በር ሲደርስ የሰጠውን መልሶ ይቀበላል። ቤቱ ሲደርስ እጁ ሞልቷል። ያን ጊዜ ይደመራል ወይስ ይቀነሳል ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

መልሱም ባዶውን አይቀበሉትም። ልጅ «ሰባት» ካለ፣ «ሰባት ምን?» ይላሉ። ትምህርቱ በኦሮምኛ መሰጠት ከጀመረ በኋላም «ቶርባ ማል?» ሆኖ ቀጠለ። ስም የሌለው ቁጥር ከእሳቸው ክፍል አይወጣም ነበር። በኋላ በኖሩበት በነቀምቴው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጎረቤታቸው የሆኑት ነጋዴ አቶ ፈድሉ፣ ልጆቻቸው በሙሉ በመምህርት ድርቤ እጅ ስላለፉ አንድ ቀን በአጥር ላይ ስሞታ አሰሙ፦ «እትዬ ድርቤ፣ ፉአድን አበላሹብኝ። አምስት አምጣ ስለው ከመደርደሪያው ሥር ቆሞ አምስት ምን ይለኛል!» እሳቸውም «እና አምስት ምን ነበር ያሉት?» ብለው መለሱላቸው። አቶ ፈድሉ ይህን ዛሬም ያወራሉ።

በ1973 ዓ.ም. መምህርት ድርቤ ልብስ ሰፊ ከነበሩት ከአቶ ኢቢሳ ቶሌራ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጸሙ። አቶ ኢቢሳ ዝምተኛ፣ ቀልደኛም ነበሩ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለአንደኛ ክፍል ልጆች የበቆሎ ፍሬ መያዣ ትንንሽ ከረጢቶች ይሰፉ ነበር። «የኦቦ ጨፌ ልብስ ሰፊ እኔ ነኝ፤ ዋጋውን ግን አይከፍልም» ይሉ ነበር። በ1980 ዓ.ም. መምህርት ድርቤ ወደ ጉቴ፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ነቀምቴ ተዛውረው ቤታቸውን በቡርቃ ጃቶ ሠሩ። በዚያው ዓመት ገደማ ኦቦ ጨፌ ከእሳቸው ክፍል ወጥቶ በሌሎች መምህራን አፍ በየትምህርት ቤቱ መዞር ጀመረ። አንዳንድ ልጆች በእውነት ያለ ሰው መስሏቸው ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። እሳቸውም «ከዚያ ማዶ» ይሉ ነበር።

ከኦቦ ዋጋሪ ጋር ወዳጅነታቸው እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ኦቦ ዋጋሪ ለገበያ ነቀምቴ በመጡ ቁጥር በቤታቸው ይስተናገዱ ነበር፤ የሚጠይቁትም አስቀድመው ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለዚያ ሰው ነው።

«ጨፌ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አባ ዱረቲ። ሁለት ጊደር ለአማቹ ሰጠ።»

«ለአማቹ? ይህ ሰው መቼም አይማርም!»

ልጃቸው ዱረቲ ትምህርቷን ጨርሳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆናለች። ከብት ስትከትብ በየመንደሩ መቁጠር ሥራዋ ነው። አባቷ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፍርስ እንዳሉ፣ ግን ባለቤቱ እንዳይሰማ በልብሽ ቁጠሪ ብለው እንደመከሯት ይነገራል። ኦቦ ዋጋሪ በ1991 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ መምህርት ድርቤ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው አዘኑ።

መምህርት ድርቤ ያዘኑት ግን በዚህ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ልጃቸው ሮብሳን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በድንገተኛ ሕመም አረፈ። ሐዘናቸው ሳይወጣ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ያን ሰሞን ግን በእሳቸው ክፍል ኦቦ ጨፌ የሚያተርፍ ሰው ሆነ። በቆሎው በዛ፣ ዶሮዎቹ ፈለፈሉ፣ ዘመድ ከሩቅ አገር ጊደር እየነዳ መጣለት። ይህን ያስተዋሉት፣ ከብዙ ዓመት መለያየት በኋላ ነቀምቴ በአንድ ትምህርት ቤት ዳግም የተገናኙት ሐረግወይን ነበሩ። ምንም አልጠየቋቸውም። የመቀነስ ትምህርት የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ መጥተው በር ላይ ቆሙና፣ «አንቺ ወደኔ ክፍል ሂጂ። ይኼን እኔ አስተምርልሻለሁ» አሏቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት መምህርት ድርቤ መቀነስን ራሳቸው ማስተማር ቀጠሉ።

በ2009 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ የቡርቃ ጃቶ ሕፃናት በረንዳቸውን ሞልተው ይውሉ ነበር። አዲስ የተመረቁ መምህራንም እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ለእነሱ የሚሰጡት ምክር ብዙ አልነበረም፤ «ልጁ ታሪኩን መልሶ እስኪነግራችሁ ጠብቁ፤ አትቸኩሉ» ይሉ ነበር። የትዳር አጋራቸው አቶ ኢቢሳ በ2013 ዓ.ም. ሲለዩአቸው ቤቱ ጸጥ አለ፤ የልጆቹ ድምፅ ግን ከበረንዳው አልጠፋም።

መምህርት ድርቤ ቁጡ ሰው አልነበሩም፤ ግትር ግን ነበሩ። የሚያውቁትን መዝሙር ሌላ ሰው በተሳሳተ ዜማ ሲጀምር በትዕግሥት ያልፉታል እንጂ አብረው አይዘምሩም። ቀጠሮ ያከብራሉ። ባጃጅ ላይ መሳፈር እስከ መጨረሻው አልወደዱም፤ ሽቅብ የሆነውን የነቀምቴን መንገድ በእግራቸው ይወጡት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። በነቀምቴና በአዲስ አበባ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐኪሞችና ነርሶች በፍቅር ተንከባክበዋቸዋል፤ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። በመጨረሻ ተኝተው በታከሙበት ጊዜ አንዲት ወጣት ነርስ መረጃቸውን ስትመዘግብ፣ «እማማ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ታፋ አለ» አሉ። «ደራርቱ አለች። ሮብሳን አለ። ሊሊሴ አለች።»

«እ... አራት ልበል?»

ነርሷ አራት ብላ ጻፈች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን፣ «ታፋን አየሁት፣ ደራርቱንም፣ ሊሊሴም እዚህ ታድራለች። ሮብሳን ግን አልመጣም፤ ሩቅ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

«ቀድሞኝ ሄዷል» አሏት።

ልጅቷ ደነገጠች። ይቅርታ ጠይቃ ወረቀቱን አወጣችና በቀስታ፣ «ታዲያ... ሦስት ላድርገው?» አለች።

መምህርት ድርቤ እጃቸውን በእጇ ላይ አኖሩ። «ስማቸውን ጻፊ፣ ልጄ» አሏት።

ነርሷም ቁጥሩን ሠርዛ ስማቸውን ጻፈች።

መምህርት ድርቤ ባቻ በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው ሆነው እየዘመሩላቸው በሰላም አረፉ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ቤተሰባቸው፣ ወዳጆቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ያስተማሯቸው ልጆች በተገኙበት በነቀምቴ ይፈጸማል። ይህ ጽሑፍ በኦሮምኛ ከሚነበበው ጋር ለጎረቤቶቻቸውና ለወዳጆቻቸው በአማርኛ የቀረበ ነው።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ የልጆችንና የልጅ ልጆችን ብዛት መጥቀስ የተለመደ ቢሆንም፣ ቤተሰቡ እንደ እሳቸው ወግ ስማቸውን ብቻ ጽፏል።

ልጆቻቸው፦ ታፋ ኢቢሳ፣ ደራርቱ ኢቢሳ፣ ሮብሳን ኢቢሳ፣ ሊሊሴ ኢቢሳ።

የልጅ ልጆቻቸው፦ ሌሊሳ፣ ኢቢሴ፣ ኦብሴ፣ ናሆም፣ ትንሿ ድርቤ።

በሐዘናችን ከጎናችን ለቆማችሁ፣ ከጉቴና ከጉቶ ጊዳ ሌሊት ተነሥታችሁ ለመጣችሁ፣ ለዕድርተኞቻችን፣ ለቡርቃ ጃቶ ጎረቤቶቻችንና ለቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን እግዚአብሔር ብድራታችሁን ይክፈላችሁ።

በጎቹን በየስማቸው የሚጠራ እረኛ እናታችንን «ድርቤ» ብሎ ይጥራቸው፤ ድምፁን ያውቁታልና ይሰሙታል። አሜን።